የአያት ስም፣ የልጅ ንግድ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለንግድ ስም ሲወጣ ግን ከመልአኩ ቀድሞ መዝገብ ቤት የገባ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ያወቅሁት ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በልጄ በርበሬና ሽሮ ምክንያት ነው።

ልጄ ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቷን ለቅቃ በርበሬና ምጥን ሽሮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች። ሙያውን ያስተማረቻት አያቷ፣ የእኔ እናት ናት፤ ነፍሷን ይማረውና። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የአያቷን ስም አሳተመች። ስሙን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል፤ በቅመም ገበያ የሌላ ሰው ንብረት ሆኗል። ሥራው ሲደራና ሱፐርማርኬቶች መጠየቅ ሲጀምሩ፣ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግበው ብላ ሄደች። ያገኘችው መልስ ግን ዱብ ዕዳ ነበር። አንድ የቅመም ነጋዴ ያንኑ ስም ቀድሞ አስመዝግቧል። ገበያ ወጥታ ስትጠያይቅ ደግሞ ሳያስመዘግቡ በዚያው ስም የሚሸጡ ሌሎች ሁለት ሰዎች አገኘች።

ቤታችን ውስጥ ክርክር ሆነ። የልጆቼ አባት «የገዛ እናታችን ስም ነው፤ ማን ይከለክለናል?» አለ። ልጄም «ንግድ ፈቃድ አለኝ እኮ፣ እማዬ» ትላለች።

ብዙ ቤተሰብ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የንግድ ስም ድርጅቱ የሚጠራበት ሲሆን የሚመዘገበው ንግድ ቢሮ ነው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃውን ከሌላው ዕቃ የሚለይ ቃል ወይም ሥዕል ነው፤ የሚመዘገበውም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የአንዱ ወረቀት ለሌላው አያገለግልም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 እንደሚለው፣ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባውም ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም ይታደሳል።

እኔ ነገሩን የተረዳሁት በሆስፒታል ዓይን ሳየው ነው። በአንድ ክፍል ሁለት ስመ ሞክሼ እናቶች ሲተኙ በስም ብቻ ጠርተን መድኃኒት አንሰጥም ነበር። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የካርድ ቁጥር እናመሳክራለን። የንግድ ምልክትም ሥራው ይኸው ነው፤ ገዢው የአንዱን ዕቃ የሌላው መስሎት እንዳይወስድ መለየት። ዕቃዎችና አገልግሎቶች በ45 መደቦች ተከፋፍለዋል። ልብስ 25ኛው፣ ቅመም 30ኛው፣ የምግብ ቤት አገልግሎት 43ኛው መደብ ውስጥ ይገባል። ስሙን የያዘው ሰው ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ የልጄ ጉዳይ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። እሱ ግን እንደ እሷው በርበሬ ሻጭ ነው።

ወንድሟ «በቃ ‹ምጥን ሽሮ› ብለሽ አስመዝግቢው» አላት። ይህም አይሆንም። ፓራሲታሞል የመድኃኒቱ መጠሪያ ስለሆነ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ፓናዶል ግን የአንድ አምራች ምልክት ነው። ምጥን ሽሮም እንደ ፓራሲታሞል የሁሉም ነው።

አገርም እንኳ በዚህ ተፈትናለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ ስታርባክስ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት ማመልከቻ ከአንድ ዓመት በፊት አስገብቶ ነበር። ገበሬው በስሙ ስንት ዘመን ቡና ሲሸጥ ቢኖርም፣ እዚያ መዝገብ ቤት ተራው የቀደመው ማመልከቻ ነበር። ኩባንያው ማመልከቻውን ያነሳው በ2006 ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት የተፈራረመው በ2007 ነው። ይህን ያህል ጉልበትና ጊዜ አንድ አገር ይኖራት ይሆናል፤ ቤቷ በርበሬ የምትደልዝ ልጅ ግን የላትም።

ልጄ ጠበቃ ከመያዟ በፊት ለሰውየው ስልክ ደወለች። በቁጣ ይመልስልኛል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ «የእኔም እናት ስም ነው፤ በበርበሬ ንግድ ነው ያሳደገችኝ» አላት። ይህን ስትነግረን የልጆቼ አባት ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በቤታችን «ማን ይከለክለናል» ያለ የለም።

በአገራችን አያት ለልጅ ልጇ የራሷን ስም ታወጣለች። እናቴም ለልጄ ማንም የማይጠራበት፣ ራሷ የፈጠረችው የቁልምጫ ስም ነበራት። ልጄ መዝገቡን አስፈትሻ ያንን ስም መረጠች። የተረፈውን ማሸጊያ ጣለች፤ ደንበኞቿን አንድ በአንድ እየደወለች አስታወቀች። ጥቂቶቹ አልተመለሱም፤ እሱም አሳዘናት። ማመልከቻዋ ተመርምሮ፣ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። ማንም አልቀረበም። ምስክር ወረቀቷን ስትቀበል የልጆቼ አባት አብሯት ሄደ።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችሁ ሥራ ሊጀምሩ ሲነሡ መነሻ ገንዘብ እንሰጣለን፤ እንመርቃለን። ማሸጊያ ከመታተሙና ታፔላ ከመሰቀሉ በፊት ደግሞ «ስሙን አስፈትሸሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያው የሥራ ዘርፍ ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ፣ መቀየሪያው ጊዜ ገና 10 ደንበኛ ሲኖር ነው። 300 ደንበኛ ካለ በኋላ ስንት እንደሚያስከፍል በቤቴ አይቻለሁ። ስሙ ነጻ ከሆነ ደግሞ ነገ ሳትሉ አስመዝግቡት፤ የ7 ዓመቱን ማደሻ ቀንም ከልጆች የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት። በእኔ ቤት የሚቀመጠው እዚያ ነው።