ዱላው ይውጣ

እኛ በወረዳችን የተደበደቡ ሴቶችን እንረዳለን። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች ደግሞ ልጆችን ይከታተላሉ። ቀድሞ ለየብቻ እንሄድ ነበር።

አንድ ቀን ፊቷ ያበጠ እናት አገኘን። «ምን ሆንሽ?» አልናት። «ወድቄ ነው» አለች። ልጇ ግን እንስራው ኋላ ተሸሽጎ ይንቀጠቀጣል። ቆይታ፣ «እውነቱን ብናገር ልጄን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነው» አለችን። ለካስ የፈራችው ባሏን ብቻ አልነበረም፤ እኛንም ነው። አፈርን።

ከዚያ ወዲህ ከሕፃናት ሠራተኞች ጋር አብረን እንሄዳለን። ሥራችን ልጅን ከእናቱ መለየት አይደለም፤ ዱላውን ከቤት ማስወጣት ነው። ባልየው ተከሰሰ። እናትና ልጅ አብረው ቀሩ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 564፣ ሚስቱን የሚደበድበውን ይቀጣል።

እኅታችን፣ አትደብቂ። ጎረቤትም «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብለህ አትለፍ። ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገር። እናት ስትድን ልጅም ይድናል።