በሄደው ሰው ኮት

ለምን ይዋሻል ወዳጄ፣ ቤዝ ተጫዋቻችን እንደማይመለስ ያወቅነው ገና ሻንጣውን ሳያስር ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና «በደህና ተመለስ» ብለን ሸኘነው። ጊዜው እንደዚያ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዋልያስ ባንድ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው ከቀሩ ወዲህ፣ ፓስፖርት ያወጣ ሙዚቀኛ ሁሉ እንደ ሄደ ይቆጠር ነበር። እኛ ደግሞ ዋልያስ አይደለንም፤ አንድ መለስተኛ ሆቴል ውስጥ የምንሠራ፣ ስማችንን ሰፈራችን ብቻ የሚያውቀው ልጆች ነን።

ሰው ጎደለ ተብሎ ሥራ አይቆምም። ሰዓት እላፊ ስለነበር ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤቱ ያልገባ እንግዳ በር ተዘግቶበት ያድራል፤ እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። አለቃችን ጋሼ «ሦስት ዘፈንማ ማንም ይጫወታል፤ ሰው የሚታወቀው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው» ይሉ ነበር።

አዲስ ቤዝ ተጫዋች የመምረጡ ፈተና ቀን ላይ፣ ባዶው ክለብ ውስጥ ሆነ። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልጠፋም፦ መጋረጃው ላይ ያደረ የኒያላ ሲጋራ፣ የፈሰሰ ቢራ፣ ከወጥ ቤት በኩል ደግሞ የሽንኩርት ቁሌት። እኔ ኦርጋኑ ጋ ተቀምጫለሁ፤ የባንዱ ትንሽ እኔ ነኝ። የሄደው ጓደኛዬ አምፕሊፋየር እንደ ድሮው ቦታው ላይ አለ፤ ሌላ ሰው ገመድ ሲሰካበት ለማየት አንጀቴ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ የመጣው ከአንድ የመንግሥት ኦርኬስትራ ነው፤ ኖታ አንባቢ፣ ጣቱ ንጹሕ። ጋሼ ዘፋኛችንን ትዝታ አስጀመሯትና መሀል ላይ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ አንድ ቶን ዝቅ አልኩ። የታወቀ ተንኮላቸው ነው። ሊነጋጋ ሲል የዘፋኝ ጉሮሮ ይደክማል፣ ዘፈኑም ሳይነገር ይወርዳል። ሰውየው ቀጥ አለና «ንገሩኝ እንጂ!» አለ። እውነቱን እኮ ነው! እኔም ብሆን እቆጣ ነበር።

ሁለተኛው ከቀበሌ ኪነት የመጣ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የጋራዥ ቱታውን እንኳ ያላወለቀ። የራሱ ጊታር ስለሌለው ጓደኛዬ ይጫወትበት የነበረውን ሰጡት። ሲጀምር ደነገጥኩ። ጓደኛዬ ካሴታችን ላይ የተጫወተውን ልቅም አድርጎ አመጣው፤ ያቺን ተሳስቶ ቀድሞ የገባባትን ቦታ ሳይቀር! ለካ ካሴቱን እያጠነጠነ ሲያዳምጥ ከርሟል። ድራመራችን ሣቀ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«እሱማ ሄዷል ልጄ» አሉ ጋሼ፤ «አንተስ ምን አለህ?»

ልጁ ላቡን ጠረገ። ቺክቺካ ተጀመረ፣ ቶኑ ወረደ፣ ደግሞ ወረደ። ዓይኑን ከዘፋኟ አፍ ሳይነቅል አብሮ ወረደ። አልፎ አልፎ ይስታል፤ ስቶ ግን አይቆምም።

ያወዛገበን ሌላ ነው። አትሣቁብኝና፣ ኮታችንን ያሰፋነው ከአንድ ጣቃ ነበር፤ ያ ጨርቅ ደግሞ ከመርካቶ ጠፍቷል። የሄደው ሰው ኮት ለኖታ አንባቢው ልክክ አለ፤ የልጁ እጅጌ ግን ክንዱ ላይ ቀረ። በዚህ ስንጨቃጨቅ ዋልን። በመጨረሻ ጋሼ «ቤዝ የሚጫወት ሰው ክንዱ ይታጠፋል፤ ማን ያየዋል?» ብለው ዘጉት።

ልጁ ዓርብ ሥራ ጀመረ። ደሞዙ የጓደኛዬ ግማሽ ነበር። እኔም ስገባ በግማሽ ነው የገባሁት፤ ይህን ግን ማናችንም አልነገርነውም።