ተስሪህ የማያስፈልገው ነጻነት

በገዳሪፍ፣ በኡም ራኩባ፣ በቱነይድባ፣ በገላባትና በየእርሻው መንደር ያላችሁ፣ እንዲሁም በአገር ቤትና በውጭ ሆናችሁ ስለኛ የምትጨነቁ ዘመዶቻችን፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ቡና በተፈላበት ሁሉ የምሰማት አባባል አለች። «ስደተኛ ምን ምርጫ አለው?» ትላለች። ራሽን ሲቋረጥ ትባላለች። ልጅ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ትባላለች። አንዱ ወገኑን ሸጦ ሲበላም ትባላለች፣ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የሚል ተረት ይጨመርባትና ነገሩ ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይገቡኛል። ሦስተኛው ላይ ግን አልስማማም።

በመጀመሪያ የተወሰደብንን በስሙ እንጥራው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 26 ስደተኛ የሚኖርበትን ቦታ መምረጥና በተጠለለበት አገር ውስጥ መዘዋወር እንደሚችል ይናገራል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 ስምምነቱን ስትቀበል በዚህ አንቀጽ ላይ ተዓቅቦ አስመዝግባለች፤ «ይህኛው አያስገድደኝም» ማለቷ ነው። ከካምፕ ለመውጣት ተስሪህ የምንለምነው፣ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ እንድንወርድ የምንታዘዘው ሥሩ እዚህ ጋ ነው። ቀላል ጉዳት አይደለም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይህን ጨርሼ የት እሄዳለሁ?» ሲለኝ የምመልስለት ይጠፋኛል። ይህን መብት መጠየቅ አናቆምም።

ያው ስምምነት ግን ገና በአንቀጽ 2 ላይ ስደተኛ በተጠለለበት አገር ግዴታ አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትም በአንቀጽ 3 ይህንኑ ይደግማል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ «ምን ሰጥተውን ነው ግዴታ የሚጠይቁን?» ብለን እንቆጣለን። እኔ ግን እንደ ክብር ነው የምቆጥረው። ለከብት ግዴታ አይጻፍለትም፤ ለጆንያ እህልም አይጻፍለትም። ግዴታ የሚጻፈው መምረጥ ለሚችል ፍጡር ብቻ ነው። «ስደተኛ ምርጫ የለውም» ስንል ማንም ሳይጠይቀን ራሳችንን ከጆንያው ጋር እየቆጠርን ነው።

ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣብን አይደለም። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የሚለውን ጽሑፍ ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። ማን ጻፈው በሚለው ላይ ምሁራን እስከ ዛሬ ቢከራከሩም ታሪኩ የስደተኛ መምህር ታሪክ ነው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዘርዓ ያዕቆብ ከአክሱም ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ በሚገኝ ዋሻ ሁለት ዓመት ተደበቀ። ተከዜ ማለት ወደ ሱዳን ሲዘልቅ ሰቲት የምንለው፣ በ2013 ጥቅምትና ኅዳር ስንቱ ወገናችን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሐምዳይት የተሻገረው ወንዝ ነው። ሐተታው እንደሚለው እግዚአብሔር ሰውን የሥራው ጌታ አድርጎ ፈጥሮታል፤ ደግም ክፉም መሆን በእጁ ነው።

ከዋሻው ከወጣ በኋላ ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ፣ ልጆችም አስተማረ። እዚያ ቤት ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። ሊያገባት ሲጠይቅ ሀብቱ «ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን» አለው። እሱ ግን አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ ናት፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። አስቡት እስቲ። የተጠጋው ሰው ቤት ነው፣ የሚበላው የሰው እንጀራ ነው። ሆኖም ከሱ በታች የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን በምን ዓይን እንደሚያያት ንጉሡም ሀብቱም አልወሰኑለትም። የቱንም ያህል ዝቅ ብንል ከእጃችን ሥር አንድ ሰው አይጠፋም፤ ልጅ፣ ሚስት፣ ትናንት የገባ አዲስ ስደተኛ፣ ወረፋ ላይ ከኋላችን የቆመች አሮጊት። ነጻነታችን የሚታየው እዚያ ነው።

እዚሁ ያየነውን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። በታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሲንጃ በአርኤስኤፍ እጅ ሲወድቁ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። በ2013 በየድንበሩ መንደር ውሃና ማሽላ ያካፈሉን ሱዳኖች አሁን ራሳቸው ፍራሽ ተሸክመው መጡ። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ቡና እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናታችን ካላት ሁለት ፍራሽ አንዱን ለማታውቃት ሱዳናዊት ሰጠች። ከሷ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ሌላ ወገናችን ደግሞ የራኩባውን ግማሽ በእጥፍ ዋጋ አከራየ። ሁለቱም ስደተኞች ናቸው፤ ራሽናቸው አንድ፣ ተስሪህ ማጣታቸው አንድ። ችግር ብቻ የሰውን ሥራ የሚወስን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ባደረጉ ነበር።

ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። አንድ ተማሪዬ ወደ ሊቢያ ለሚወስዱ ደላሎች ልጆችን እያገናኘ በሰው ኮሚሽን ይቀበል ነበር። ስጠይቀው «ቲቸር፣ ማንንም አላስገደድኩም፤ ራሳቸው ፈልገው ነው። እኔ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው የሰጠሁት» አለኝ። «ኩፍራና በኒ ወሊድ ላይ ሰው ታግቶ እየተገረፈ ለቤተሰቡ እንደሚደወል ነግረሃቸዋል?» አልኩት። ዝም አለ። «ካልነገርካቸውማ እነሱ አልመረጡም፤ የመረጥክላቸው አንተ ነህ» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ሁለት ልጆች ይዞ መጣ። ስለ መንገዱ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከዓመታት በፊት ከከሰላና ከሸገራብ ዙሪያ ታፍነው ሲና በረሃ ስለተሸጡት፣ ከሻጮቹም መካከል የነሱኑ ቋንቋ የሚናገሩ እንደነበሩ ጭምር። አንዱ ቀረ፤ አንዱ ሄደ። የሄደው አውቆ ሄደ፤ ላስቀረው ሥልጣን የለኝም። እናቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ስልኳን ጡቷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። ሰው አውቆ እንዲመርጥ እውነቱን መንገር የኛ ድርሻ ነው። ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም ድርሻ አላችሁ። «የእገሌ ልጅ ገባ፣ አንተስ?» ብሎ የድምፅ መልእክት መላክና ለደላላ ብር መክፈል አንድን ልጅ ወደ በረሃ የሚገፋ እጅ ነው።

ሌላም አለ። ከጦርነቱ ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ አገራችን የተሻገሩ ሱዳኖች ኩመርና አውላላ ካምፕ ነበሩ። በተደጋጋሚ ስለተዘረፉና ጥቃት ስለደረሰባቸው በሚያዝያ 2016 ብዙ ሺህ ሆነው ካምፑን ለቀው ወጡ፤ ጫካ ዳር መንገድ ላይም ሰነበቱ። የእህቱ ልጅ እዚያ የነበረበት ሱዳናዊ ጎረቤቴ «ሐበሻ እንዲህ ነው እንዴ?» አለኝ። «ይህን ያደረገ ሽፍታ ነው፤ ሽፍታው ስም አለው፣ እጅ አለው» አልኩት። እሱም ጥቂት አሰበና «እኛን የሚያፈናቅሉንም ሱዳኖች ናቸው» አለኝ። ተግባባን።

ያ ጥያቄ የቆረቆረኝ እኛው እርስ በርሳችን በየቀኑ የምንጠያየቀው ስለሆነ ነው። «ከየት ወገን ነህ?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ አንዱ ለማያውቀው ሰው ሥራ ይከሰሳል፤ ሌላው የገዛ እጁን ሥራ በብሔሩ ስም ይሸፍናል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቅምት 2014 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች በደል መፈጸማቸውን ገልጸዋል። ከዚህ ውስጥ የራሳችንን ሙት ብቻ መርጠን የምንለጥፍ ከሆነ ፍትሕ እየጠየቅን አይደለም። ሕዝብ በጅምላ ወንጀለኛ ሲባል ትክክለኛው ወንጀለኛ በሕዝብ መካከል ይደበቃል፤ ከዚህ የሚያተርፈው እሱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ትልልቆቹን ትተህ ድሃ ስደተኛ ላይ መጣህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ተጠያቂነት እንደ ምርጫው ስፋት ነው። ጦር ያዘዘ፣ ድንበር የዘጋ፣ ራሽን የቆረጠ ሰፊ ምርጫ ነበረው፤ ዕዳውም ሰፊ ነው። ለልጇ መድኃኒት ስትል የራሽን ዘይቷን የሸጠች እናት የነበራት ምርጫ ከመርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፤ እሷ ላይ የሚፈርድ ካለ ሕሊና የለውም። በሁለቱ መካከል ያለነው እያንዳንዳችን ግን በነበረን ስፋት ልክ እንጠየቃለን። የኔ ስፋት አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ይህ ገጽ ነው። የአንተ ምናልባት አንድ ስልክ ነው፤ የአንቺ አንድ ጀበና።

ስለዚህ «ምን ምርጫ አለኝ?» ስንል ጥያቄውን ከምር እንጠይቀው። ዛሬ ከኔ እጅ ሥር ያለው ማን ነው? ምን እውነት ደብቄዋለሁ? በማን ስም ነው የምናደደው? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ከየትኛውም ቢሮ ወረቀት አያስፈልገንም።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ስድብ ብቻ አደራ። የሊቢያን መንገድ ያሰበ ልጅ የምታውቁ ደግሞ በውስጥ መስመር አገናኙኝ፤ አልቆጣውም፣ የማውቀውን እነግረዋለሁ።

ቸር ያሰማን።