ለባሕር የሚሆን የእጅ ሰዓት ስለ መምረጥ

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ፥ በደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የባሕር ጠላቂዎችን ሰዓት መምረጥ ለሰሚው ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን የሟች ወንድማችን ልጅ በባቦጋያ የመርከብ መሐንዲስነት ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ባሕር የሚወርድበት ቀን ስለ ቀረበ፥ ዘመድ ሁሉ አዋጥቶ አንድ የእጅ ሰዓት ሊሰጠው ቈረጠ፤ ምርጫውም ለእኛ ተተወ። አባቱ ቢኖር የሚሰጠው ስጦታ ስለ ሆነ ነገሩን እንደ ቀላል አላየነውም።

ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ኦሪየንት ካማሱና ሲቲዘን ፕሮማስተር ኤንዋይ 0040። ሁለቱም የጃፓን ቤቶች ሥራ ናቸው። (በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲፈጽም ጊዜውን የለካው ሴይኮም የዚያው አገር ሰዓት ሠሪ ነው።) ሁለቱም ባትሪ አይሹም፤ በውስጣቸው ያለው ግማሽ ክብ ብረት ክንድ በተንቀሳቀሰ ቍጥር እየዞረ ሞላውን ያጠነጥናል፤ ቢያወልቋቸውም 40 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። በመስተዋቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፤ ይኸውም በድንገት ቢነካ ጠላቂው በውኃ ውስጥ የቈየበት ጊዜ የበዛ እንዲመስለው እንጂ ያነሰ መስሎ እንዳያታልለው ነው።

የካማሱ መስተዋት ሰንፔር ስለ ሆነ በቀላሉ አይጫርም፤ የሲቲዘኑ ግን ይጫራል። ባለቤታችን ይህን በሰማች ጊዜ፥ «በዓመቱ ፊቱ የሚጫር ሰዓት መስጠት ለዘመድ ነውር ነው» ብላ ለካማሱ ፈረደች። ፍርዷም ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ግን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራችን፥ የተነገረ ቃልና የተመሰከረ ቃል አንድ አለመሆናቸውን እናውቃለን። በሁለቱም ላይ 200 ሜትር የሚል ተጽፏል፤ ሆኖም አይኤስኦ 6425 የተባለውን የጠላቂ ሰዓት ደንብ የሚፈጽመው ሲቲዘኑ ነው። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ጥልቀት በሩብ የሚበልጥ ግፊት፥ ማለት የ250 ሜትሩን ያህል፥ ተሸክሞ መፈተን አለበት፤ በጨለማም ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መነበብ ይገባዋል። ካማሱ ይህን ምስክር አልያዘም።

በአንድ ነገር ሁለቱም እኩል ያስቸግራሉ። የቀኑ መንኰራኵር ለፈረንጅ ወር የተሠራ ስለ ሆነ እስከ 31 ይቈጥራል። የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነውና፥ በየወሩ መባቻ 31ን በእጅ ማሳለፍ፥ ከጳጉሜንም 5 ወይም 6 በኋላ እንደ ገና እስከ 1 ድረስ ማዞር ግድ ነው። ደግሞም በእኛ ሰዓት ለሞላው ሰው ቀኑ የሚለወጥለት በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በ12 ሰዓት ነው። ዕለትን ከማታ መቍጠር የለመደ የማታውን ይመርጣል፤ መዝገብ ለሚጽፍ ግን የጧቱ ይሻላል።

እዚሁ ለምንቀረው ለእኛ ቢሆን ኖሮ፥ ከአቧራው የተነሣ ካማሱን በወሰድን ነበር። ልጁን ብንጠይቀው ግን፥ «ጋሼ፥ መስተዋቱ ቢጫር ይለወጣል፤ ውኃ ከገባበት ግን ባሕር ላይ ማን ያበጅልኛል?» አለን። ሲቲዘኑ ተገዛ። በሚሄድበት ዋዜማ በእኛ ቀንና ሰዓት ሞልተን ሰጠነው፤ ጅቡቲ ሲደርስ ወደ መርከቡ አቈጣጠር ራሱ ያዞረዋል።