ጥሩ ማዳመጫና ያረጀ ካሴት

ጥሩ ማዳመጫ የያዘ ሰው የድሮ ዘፈን ሲከፍት ደስታውም ቅሬታውም አብረው ይመጣሉ። በትንሽ ሬዲዮ የማይሰማው የካሴት ክር ሽሽታ እዚህ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ይሟሽሻል። መጀመሪያ የሚጠፋው የማሲንቆው ጭራ ክሩን ሲፈገፍግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የማሲንቆ ነፍሱ እሱ ነው። ቴፑ ትንሽ ከፈጠነማ የዘፋኙ ድምፅ ራሱ ይቀጥናል።

አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ በሸክላ ካሳተማቸው ሥራዎች ብዙዎቹ በኋላ ኢትዮፒክስ በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ወጥተዋል። ልዩነቱን ለማየት ከእነዚህ አንዱን ዘፈን ከሲዲው፣ ከዚያም ዩቲዩብ ላይ ከተጫነው የካሴት ግልባጭ ሰምቼ አነጻጸርኩ። በሲዲው ሳክስፎን ነፊው ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል፤ በግልባጩ ግን ቤዙና ከበሮው ተደባልቀው አንድ ጉርምርምታ ሆነዋል።

አንዳንዶች ሽሽታውን በሶፍትዌር ሙልጭ አድርገው ያጠፉታል። ይሄ ይብሳል፤ የሲምባሉን ጥራት አብሮ ይወስደዋልና። እባካችሁ፣ ዋናው ክር ወይም ሸክላው ያላችሁ ሰዎች ድምፁን ሳታጥቡ፣ ሳታሳምሩ፣ እንዳለ ወደ ዲጂታል ቅዱልን።