አራስ ልጅ ታቅፎ ከመርካቶ እስከ ጂዳ

በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ለአንድ አፍታ ቆሞ የሚመለከት ሰው የሩቅ አገር መንገድ ከዚያ እንደሚጀምር ይገባዋል። በአንዱ በኩል ቴምር፣ ሽቶና ጀለቢያ ይሸጣል። በሌላው በኩል ሻንጣ በገመድ ይታሰራል። ከወዲያ ደግሞ የዱባይ ተራ ጫጫታ አለ። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) «የአገሬው ገበያ» ተብላ ከተከለለች ወዲህ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከሐረር፣ ከወሎና ከጅማ የመጣው ሁሉ ሱቅ ከፍቶባታል፤ ወልዶ ከብዶባታል።

ዛሬ የዚህ ሰፈር ልጆች በጂዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይና በቤይሩት ይገኛሉ። አያት የልጅ ልጇን ለማየት ትናፍቃለች። ባል ከወዲያ ሆኖ «ይዘሽልኝ ነይ» ይላል። እህት ዐረብ አገር ወልዳ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ቦሌ ከወረዱት መካከል ጨቅላ የታቀፉ እናቶች ነበሩበት። እነርሱ የሚጓዙበትን ቀን የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም። ዕድሉ ያለው ቤተሰብ ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አርባው ሳይሞላ?

የሰፈራችን አሮጊቶች «አርባዋ ሳይሞላ አራስ ከቤት አትወጣም» ይላሉ። በአየር መንገዶች በኩል ብዙዎቹ 7 ቀን ያልሞላውን ሕፃን አይቀበሉም። አንዳንዶቹ ከዚያ በታች የሆነውን በሐኪም ወረቀት ይወስዳሉ። እንግዲህ በደንቡ ብቻ ከሄድን አቂቃው በወጣ ማግስት መብረር ይቻላል ማለት ነው። መቻሉ ግን መልካም ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕፃኑ ሳንባና ልብ ከማሕፀን ኑሮ ወደዚህ ዓለም ኑሮ ገና በመሸጋገር ላይ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ቢነሳበት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ሆስፒታል የለም።

በአገራችን ሕፃን እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ያገኛል። ቀጣዩን ክትባት የሚወስደው በ6ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ነው። የአሮጊቶቹ ቆጠራና የጤና ጣቢያው ቆጠራ የሚለያዩት በሁለት ቀን ብቻ ነው! ስለዚህ የሚያስቸኩል ጉዳይ ከሌለ አርባውን አሳልፎ፣ ክትባቱን አስከትቦ መነሳት የተሻለ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ልጅ ከሆነ ግን የሐኪም ፈቃድ ሳያገኝ መሳፈር የለበትም።

እናቲቱም አትረሳ። ከወለደች በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። ውኃ ትጠጣ፤ በየጊዜውም ተነሥታ ትንሽ ትራመድ። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት ዝም ብላ አትሳፈር፤ ሐኪም ይያት።

መርካቶ ከአውሮፕላኑ ከፍ ስትል

«ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ልጁ ይታፈናል» የሚል ስጋት በብዙ እናቶች ልብ ውስጥ አለ። እውነቱን እንመልከት። አውሮፕላን ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው አገር እንዳለው አየር እንዲሆን ተደርጎ ይታመቃል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 2,330 ሜትር ያህል ነው፤ መርካቶ ደግሞ ከቦሌ ከፍ ትላለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ባስገባው ቦይንግ 787 ውስጥ እንዲያውም የአየሩ ልክ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። እንግዲህ መርካቶ የተወለደ ልጅ በአውሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሰውን አየር ከተወለደባት ቀን ጀምሮ ለምዶታል ማለት ነው።

በተቃራኒው፣ በባሕር ዳርቻዋ በጂዳ ተወልዶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ልጅ አየር የሳሳበት አገር ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ይቆያል። ጤነኛ ሕፃን ይለምደዋል። የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ግን ሐኪም ሊያየው የሚገባው በበረራው ምክንያት ብቻ ሳይሆን በሚደርስበት አገር ከፍታም ምክንያት ነው።

የጆሮ ሕመምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከአዲስ አበባ ሲነሳ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ብዙም አይለወጥም። ወደ ጂዳ ወይም ወደ ዱባይ ሲወርድ ግን ግፊቱ በፍጥነት ይጨምራል። ከአፍንጫ ወደ ጆሮ የሚወስደው የሕፃን ቱቦ ጠባብ ነውና ያመዋል። መድኃኒቱ የእናት ጡት ነው። ልጁ ሲውጥ ቱቦው ይከፈታል። ማረፍ ሲቃረብ፣ ከ30 ደቂቃ ያህል በፊት አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር፣ ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሶ ማጥባት ነው። ቢያለቅስም አትደንግጡ፤ ልቅሶውም ጆሮውን ይከፍትለታል። ጉንፋን ከያዘው በፊት ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

አንቀልባው የት ይሁን?

በመርካቶ ግፊያ ውስጥ ልጅን በአንቀልባ በጀርባ አዝሎ መሄድ የእናቶቻችን ብልሃት ነው። በአውሮፕላን ወንበር ላይ ግን አዝሎ መቀመጥ ልጁን ከወንበሩ ጋር ማጣበቅ ነው። ሲነሳና ሲያርፍ ሕፃኑ ከፊት፣ ጭን ላይ መሆን አለበት። የበረራ አስተናጋጇ የምትሰጠውን የሕፃን ተጨማሪ ቀበቶ ከራስ ቀበቶ ጋር አያይዞ ማሰር ያስፈልጋል። አንዱን ቀበቶ በእናትና በልጅ ላይ አንድ ላይ ማዞር አይገባም፤ አውሮፕላኑ በድንገት ቢናጥ የእናቲቱ ክብደት ልጁ ላይ ያርፋል።

ከፊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሕፃን አልጋ ያላቸው አውሮፕላኖች አሉ። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ትኬት ሲቆረጥ መጠየቅ ይገባል። ልጁ በጀርባው ይተኛ። ንጠት ሲጀምር ወዲያው ይታቀፍ። ነፋስና ዓይን ተፈርቶ በነጠላ ወይም በሻርፕ ፊቱን መሸፈን በጣም አደገኛ ነው። ታቅፎ እንቅልፍ መውሰድም እንዲሁ፤ አብሮ የሚጓዝ ሰው ካለ በተራ መያዝ ነው። «እንዲተኛ» እየተባለ ሽሮፕ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ውኃና አብሽም አያስፈልጉትም፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ይበቃዋል። የኦክስጅን ጭምብል ከላይ ከወረደ እናት አስቀድማ ለራሷ ታድርግ፤ ቀጥላ ለልጇ ታጥልቅለት። እናት ራሷን ከሳተች ልጁን የሚረዳው ማን ነው?

ወረቀቱ

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በእናቱ ጭን ሲሄድ በውጭ በረራ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ያህል ይከፍላል። ፓስፖርት ግን የራሱ ያስፈልገዋል። ፓስፖርቱ የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በወረዳው ማስመዝገብ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። አቂቃ ለማውጣት ዘመድ ሲሰበሰብ የምዝገባውንም ነገር አብሮ መነጋገር ይቻላል።

ለሻንጣው የሚገዛ ዕቃ መርካቶ ሞልቷል። ለጨቅላው ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ለበረራው ከሚበቃው በላይ የሆነ የሽንት ጨርቅ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ስስ ብርድ ልብስ፣ የክትባት ካርዱና ያልተቸኮለች እናት። የቀረውን ጥንቃቄ አድርጋችሁ፣ የጉዞ ዱዓችሁን አድርሳችሁ ተነሡ። አላህ መንገዳችሁን ያቅና፤ ልጆቻችሁንም በሰላም ያድርስላችሁ።