ከዲዴሳ ድልድይ እስከ ሙዚየሙ መስታወት

ነቀምቴ ላደግን ሰዎች ዓሣ ማለት ዲዴሳ ነው፤ ወደ በደሌ ስትወርዱ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ወንዝ። ዲዴሳ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ደግሞ ከጣና ይወጣል። «ስለዚህ የኛም ዓሣ የጣናም ዓሣ ያው ነው» እያልኩ ስከራከር ኖሬአለሁ። የተረታሁት ባሕር ዳር ነው።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በአንገር ጉትን አልፌ ዓባይን ተሻገርኩና በቡሬ በኩል ገባሁ። ጢስ ዓባይ ላይ ቆሜ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረውን ውሃ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ከታች የመጣ ዓሣ ያን ገደል አይወጣም። ከገደሉ በላይ የቀረው፣ ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ለብቻው ተራብቶ 15 ያህል ዝርያ ሆኗል፤ ሌላ አገር የማይገኝ። ከነሱም 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር! የሚፈጩት በጉሮሯቸው ነው።

ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። ችግሩ ቀኑን ዓሣውም ሰውም ማወቁ ነው። መረብ የወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል፤ ብርብራ ወቅጦ ውሃ ላይ የሚበትንም አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሞተር ጀልባ መጣ። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ትልልቆቹ ነጭ ዓሦች ሦስት አራተኛቸው ጠፉ።

ይህን ያህል ያሳሰበኝን ሁለተኛ ዓሣ ያየሁት ከዓመታት በኋላ፣ ደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን ከተማ፣ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሲላካንት ይሉታል። ከዳይኖሰር ጋር አብሮ ጠፍቷል ሲባል ኖሮ፣ በታኅሣሥ 1938 (እ.ኤ.አ.) ከዓሣ አጥማጅ መርከብ ጭነት መካከል የሙዚየሙ ኃላፊ ማርጆሪ ኮርትኒ ላቲመር አገኘችው። ቁመቱ 1.5 ሜትር፤ ክንፎቹ እጅና እግር ሊሆኑ ጀምረው የተዉት ይመስላሉ። በሕይወት ሳለ ሰማያዊ ነበር አሉ፤ እኔ ያየሁት ቡናማ ነው።

ይህ እንደ ነጭ ዓሣ አይጣደፍም። ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የባሕር ዋሻ ተኝቶ ይውላል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት 100 ዓመት ገደማ እንደሚኖር፣ ለመውለድ የሚደርሰው በ50ዎቹ ዕድሜው እንደሆነ፣ እርግዝናውም 5 ዓመት እንደሚፈጅ ገምቷል። እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። ሥጋውም አይጥምም፣ ፈልጎ የሚያጠምደው የለም። ታንዛኒያ ታንጋ አካባቢ የሚያልቀው ለሻርክ በተዘረጋ መረብ ነው። እንዲህ ቀስ ብሎ ለሚወልድ አንድ እናት መሞቷ ብዙ ነው።

ታዲያ ለየትኛው ላዝን? ለሲላካንት መስታወት ተሠርቶለታል፣ የዓለም ጋዜጣ ጽፎለታል። የኛው በሚጥሚጣ ተጠብሶ ይቀርባል። እኔ ለጣናው አደላለሁ። ምክንያት አለኝ፤ እንደሱ በአንድ ሐይቅ ብቻ የተራባ ዘመዱ ፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ 17 ዝርያ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ ተመዘገበ፤ የቀሩት ሁለቱም መኖራቸው ያጠራጥራል።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባሕር ዳር የምታልፉ ከሆነ፣ እንቁላል ያዘለ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ መልሱት። ቆሮሶ አምጡልን በሉ፤ እሱ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል።